«ዘ ሳይንስ ኦፍ ኢንተርስቴላር»፦ ስለ መጽሐፉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንተርስቴላርን አይቶ የጨረሰ ሰው ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ጓደኛውን ይዞ እስከ እኩለ ሌሊት ይከራከራል። ክርክሩ ሲከር አንዱ «መጽሐፍ አለው እኮ!» ይላል። ከታች ያሉት ስለዚያ መጽሐፍ ሰዎች ደጋግመው የጠየቁኝ ጥያቄዎች ናቸው። ፊልሙን ላላያችሁ ማስጠንቀቂያ፦ መጨረሻውን ሳይቀር አውርቻለሁ። ለየት አድርጌ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፉ የፊልሙ ታሪክ ነው እንዴ?

አይደለም። የፊልሙን ታሪክ በልብ ወለድ መልክ የሚተርክ ሌላ መጽሐፍ አለ፤ ሁለቱን አምታተው የሚገዙ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይኼኛው የፊዚክስ ሊቁ ኪፕ ቶርን የጻፈው የሳይንስ መጽሐፍ ነው። ፊልሙ በወጣበት በ2014 ለገበያ ቀረበ፤ ከ300 ገጽ በላይ ሆኖ በፎቶግራፍ፣ በንድፍና ከፊልሙ በተወሰዱ ምስሎች የተሞላ ነው። መቅድሙን የጻፈው ዳይሬክተሩ ክሪስቶፈር ኖላን ነው።

ብዙ የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልሞች አጃቢ መጽሐፍ አላቸው። አብዛኞቹ የአልባሳት ንድፍ፣ የመንኮራኩር ሥዕልና የቀረጻ ቦታ ፎቶ ይዘው እንደ ሠርግ አልበም ገልበጥ ገልበጥ ተደርገው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጡ ናቸው። ምንም አይወጣላቸውም፤ እኔም ሁለት ሦስት አለኝ። ይኼኛው ግን በእያንዳንዱ ትዕይንት ላይ «ይህ ነገር ሊሆን ይችላል ወይ?» እያለ ይጠይቃል። ሥዕሎቹም የገቡት ይህን ለማስረዳት ነው።

ኪፕ ቶርን ማን ነው? የፊልም ሰው ነው?

የስበት ሰው ነው። በ1940 በዩታ ግዛት፣ ሎጋን በምትባል ከተማ ተወለደ። በፕሪንስተን በጆን ዊለር ሥር ተምሮ በ1965 ዶክትሬቱን አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜውን በካሊፎርኒያው ካልቴክ አሳለፈ። በ1973 ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው፣ ስለ ስበት የሚያስተምረው መጽሐፍ ከ1,200 ገጽ በላይ ስለሆነ ተማሪዎች መጀመሪያ የሚያውቁት በክብደቱ ነው።

ሰውየው ቀልድ ያውቃል። በ1974 ከስቲቨን ሆኪንግ ጋር ተወራረደ። ነገሩ ሲግነስ ኤክስ-1 የሚባለው የሰማይ አካል ብላክ ሆል (ስበቱ ብርሃንን እንኳ የማያስወጣ አካል) ነው ወይስ አይደለም የሚል ነበር። ሆኪንግ አይደለም አለ። ዕድሜውን በብላክ ሆል ላይ የጨረሰ ሰው በራሱ ላይ መወራረዱ ነበር፤ እንደ ኢንሹራንስ ነው፤ ብላክ ሆል የሚባል ነገር ባይኖር እንኳ ቢያንስ ውርርዱን ይበላል። በ1990 ቶርን ሞስኮ ሳለ ሆኪንግ ከረዳቶቹ ጋር የቶርን ቢሮ ገብቶ ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ውል ላይ በአውራ ጣቱ አሻራ መሸነፉን ፈረመ። ሽልማቱ የአንድ ዓመት የመጽሔት ደንበኝነት ነበር፤ መጽሔቱ ጨዋ ሰው ቤት የሚገባ ዓይነት ስላልሆነ ስሙን ልዝለለው።

በ2017 ቶርን ከሬይነር ዋይስና ከባሪ ባሪሽ ጋር በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኘ። ለፊልሙ አይደለም፤ የስበት ሞገድን፣ ማለትም ሕዋን ራሱን እያንቀጠቀጠ የሚጓዝ ሞገድን፣ በመሣሪያ ለመያዝ በተደረገው ሥራ ነው። ወደዚህ ጉዳይ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

ታዲያ አንድ ሳይንቲስት ሆሊውድ እንዴት ገባ?

በአማላጅ። በ1980 የሥነ ፈለክ ሊቁ ካርል ሴገን ቶርንን ሊንዳ ኦብስት ከምትባል ሴት ጋር አስተዋወቀው። ለትዳር ታስቦ ይሁን ለጨዋታ፣ ፍቅሩ ባይጸናም ጓደኝነቱ ጸና። ኦብስት የፊልም ፕሮዲውሰር ሆነች። ቶርን በበኩሉ በ1985 ለሴገን ሌላ ውለታ ዋለለት። ሴገን በሚጽፈው ልብ ወለድ ጀግናዋን በብላክ ሆል አሳልፎ ሩቅ ሊልካት አስቦ ነበር፤ ቶርን «በዚያስ ትሞትብሃለች፣ በዎርምሆል አሳልፋት» ብሎ መከረው፤ ዎርምሆል ሁለት ሩቅ የሕዋ ቦታዎችን የሚያገናኝ አቋራጭ ነው። ከዚያ ምክር ተነሥቶ ቶርን ራሱ ስለ ዎርምሆል ቁም ነገር ያለው ጥናት ጀመረ።

በ2005 ኦብስትና ቶርን የኢንተርስቴላርን የመጀመሪያ ሐሳብ አፈለቁ። ስቲቨን ስፒልበርግ ሊሠራው ይዞት ቆይቶ ተወው፤ ጆናታን ኖላን ጽሑፉን ጻፈ፤ በኋላም ወንድሙ ክሪስቶፈር ተረከበው። ቶርን ከመጀመሪያው ሁለት ደንብ አስቀምጦ ነበር፦ በሚገባ የተረጋገጠ የተፈጥሮ ሕግ አይጣስ፤ ያልተረጋገጠው ሁሉ ደግሞ መነሻው ከእውነተኛ ሳይንስ ይሁን፣ ከደራሲው ጭንቅላት ብቻ አይፍለቅ። ኖላን ደንቡን ተቀበለ። ይሁን እንጂ ገጸ ባሕርይው ከብርሃን ፈጥኖ እንዲሄድ ፈልጎ ሁለቱ ለሁለት ሳምንት ያህል ተከራክረዋል። የተሸነፈው ዳይሬክተሩ ነው።

ከምዕራፎቹ መጀመሪያ ላይ ያሉት ፊደላት ምንድን ናቸው?

ስለዚህ መጽሐፍ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል የምናገረው ይህን ነው።

ቶርን በምዕራፉ ወይም በንዑስ ምዕራፉ መክፈቻ ላይ የፊደል ምልክት ያስቀምጣል። ምልክቶቹ ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው «እውነት» ማለት ነው፤ ተፈትኖ የተረጋገጠ፣ ዛሬ ማንም የፊዚክስ ሰው የማይከራከርበት። ሁለተኛው ዕውቀት ያለው ግምት ነው፤ በማስረጃ አልተዘጋም፣ ቢሆንም ከምናውቀው ተነሥቶ በጥንቃቄ የተገመተ። ሦስተኛው መላምት ነው፤ በአማርኛችን መላ መምታት የምንለው በቀጥታ ይገልጸዋል። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል፤ ደራሲው ራሱ «እዚህ ላይ ምናቤን ለቅቄዋለሁ» እያለን ነው።

ስበት በበረታበት ቦታ ጊዜ ቀስ ብሎ መሄዱ ከመጀመሪያው ወገን ነው። ብላክ ሆል ውስጥ የገባ ሰው ምን ይገጥመዋል የሚለው ግምት ነው። ከምናውቃቸው ከሦስቱ የቦታና ከአንዱ የጊዜ ልኬት ውጭ ባለ አምስተኛ ልኬት ውስጥ የሚኖሩ ፍጥረታት ደግሞ መላምት።

የምልክቱ ዋጋ የገባኝ ባልነበረበት ጊዜ ነው። መጽሐፉን ከመያዜ በፊት አንድ ጓደኛዬ ገጾቹን በስልኩ ፎቶ እያነሣ በቴሌግራም ይልክልኝ ነበር። ልጁ ችኩል ነው፤ የምዕራፉን መክፈቻ ገጽ ዘልሎ «ዋናው እዚህ ጋ ነው» ካለበት መሐል ይጀምራል። አንድ ቅዳሜ ቡና እየጠጣን ስለ አምስተኛው ልኬት የሰማሁትን ሁሉ እንደ ተረጋገጠ ነገር በሙሉ ልብ አስረዳሁ፤ የታክሲ ወረፋ ላይ ሆኜም ቀጠልኩ። ከወራት በኋላ መጽሐፉ እጄ ሲገባ ያ ምዕራፍ ከላይ የመላምት ምልክት ተለጥፎበት አገኘሁት። ቶርን አልዋሸኝም፤ የተዘለለው ገጽ ነው የዋሸኝ። ስለዚህ ገጽ በገጽ ለሰው የምትልኩ ካላችሁ፣ እባካችሁ መክፈቻውንም ላኩ።

ሒሳብ ይፈልጋል?

በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ቀመር የለም ማለት ይቻላል። ሒሳቡን የሚፈልግ ሰው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የቴክኒክ ማስታወሻዎች ያገኛል። ፊዚክስን ሁለተኛ ደረጃ ላይ የተሰናበተ ሰው ቀስ ብሎ ቢያነብ ይዘልቀዋል፤ ግን ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ያልገባችሁን «ቆይ ይገባኛል» ብላችሁ አትለፉት፣ ሥዕሉ ላይ ቁጭ በሉ። ሥዕሉ ከአንቀጹ ቀድሞ የሚያስረዳበት ቦታ ብዙ ነው።

በሚለር ፕላኔት ላይ 1 ሰዓት 7 ዓመት የሚሆነው የምር ነው?

ከሁሉ በላይ የምጠየቀው ይህ ነው፤ መልሱም ከሁሉ በላይ የሚያስገርመው ነው። ሚለር በፊልሙ ተጓዦቹ የሚወርዱበት፣ ብላክ ሆል አጠገብ ያለ ፕላኔት ነው፤ እዚያ አንድ ሰዓት ሲያልፍ መሬት ላይ 7 ዓመት ያልፋል።

መጀመሪያ ጊዜ እንደየቦታው የተለያየ ፍጥነት እንዳለው እንቀበል። ይህ የፊልም ነገር አይደለም። የታክሲ መተግበሪያ ከፍታችሁ ሹፌሩ የት እንደ ደረሰ ስታዩ የምትጠቀሙት ጂፒኤስ በሳተላይቶች ላይ ባሉ ሰዓቶች ይሠራል። እነዚያ ሰዓቶች ከመሬት ርቀው ስበቱ ስለሚላላባቸው በቀን 45 ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈጥናሉ፤ በሩጫቸው ምክንያት ደግሞ 7 ያህል ይዘገያሉ፤ ተቀናንሶ በቀን 38 ማይክሮ ሰከንድ ይቀድማሉ። ይህ ባይታረም የቦታ ስሌቱ በአንድ ቀን ውስጥ ብቻ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ይስታል፤ ቦሌ የጠራችሁት ታክሲ ኮተቤ ቆሞ ይጠብቃችኋል።

ከማይክሮ ሰከንድ ወደ 7 ዓመት ግን ሰማይና ምድር ነው። 7 ዓመት በሰዓት ሲመነዘር ከ61,000 ይበልጣል፤ ስለዚህ ጊዜ 61,000 ጊዜ መዘግየት አለበት። ቁጥሩን ያመጣው ቶርን አይደለም፣ ኖላን ነው፤ ለታሪኩ የግድ ያስፈልገኛል አለ። ቶርን መጀመሪያ አይሆንም ብሎ አሰበ። አድሮበት፣ በማግሥቱ ለጥቂት ሰዓታት አስልቶ፣ ለካ ይሆናል። ቅድመ ሁኔታው ግን ከባድ ነው። የማይሽከረከር ብላክ ሆል ጠርዝ አጠገብ ፕላኔት ተረጋግቶ ሊዞር አይችልም፤ ይወድቃል። ብላክ ሆሉ በጣም በፍጥነት ሲሽከረከር ግን ዙሪያውን ያለውን ሕዋ አብሮ ስለሚጎትት ወደ ጠርዙ ተጠግቶ መዞር ይቻላል። ለዚህ ቁጥር የሚያስፈልገው ሽክርክሪት ተፈጥሮ ከምትፈቅደው የመጨረሻ ፍጥነት የሚያንሰው ከ100 ትሪሊዮን እጅ በአንዱ ብቻ ነው። ቶርን ራሱ እንዲህ ያለው በተፈጥሮ ይገኛል ብሎ አይጠብቅም፤ ሕጉ ግን አይከለክለውም። እንግዲህ የደንቡ ፊደል ተጠብቋል።

ክብደቱም እንዲሁ ተሰልቶ የመጣ ነው። ጋርጋንቹዋ የተባለው የፊልሙ ብላክ ሆል 100 ሚሊዮን ፀሐይ ይመዝናል። ለምን ያን ያህል? ትንሽ ቢሆን ኖሮ ፕላኔቱን በአንድ በኩል ከሌላው አብልጦ ስቦ ይበጣጥሰው ነበር። ትልቅ ሲሆን ጠርዙ አካባቢ ያለው ልዩነት ይለዝባል። በዚህ ክብደት የጋርጋንቹዋ አድማስ (አልፎት የገባ የማይመለስበት ጠርዝ) ከመሐሉ ያለው ርቀት ፀሐይ ከመሬት የምትርቀውን ያህል፣ 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል።

ተጓዦቹ ወርደው ሲመለሱ መንኮራኩሩ ላይ የጠበቃቸው ሰው 23 ዓመት ከ4 ወር ከ8 ቀን አርጅቷል። አካፍሉት፤ ታች የቆዩት 3 ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። በነገራችን ላይ፣ እኛ ከፈረንጅ በ7 ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ስለሆንን «አንድ ጊዜ ሚለር ፕላኔት ወርደን ሰዓት አባክነናል» የሚለውን ቀልድ እኔ አልፈጠርኩትም፣ ግን ያለማመንታት እደግመዋለሁ።

ያ ተራራ የሚያህል ማዕበልስ?

በፊልሙ የሚታየው ማዕበል 1.2 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ አለው። ቶርን እንዲህ ይተረጉመዋል፦ ፕላኔቱ ሁልጊዜ አንድ ፊቱን ወደ ብላክ ሆሉ አዙሮ ይኖራል፤ ግን ፍጹም ጸጥ ብሎ ሳይሆን ግራና ቀኝ እየተወዛወዘ። በእንጨት ገበታ ውኃ ሞልታችሁ ስትወዘውዙት ውኃው በአንዱ ጠርዝ ወጥቶ በሌላው ይወርዳል አይደል? እንደዚያ ነው። አንዱ ውዝዋዜ አንድ ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ በሁለት ማዕበል መካከል ያለው ጊዜ ከፊልሙ ጋር ይገጥማል። ዳይሬክተሩ ማዕበሉን ሲፈልግ ይህን አስቦ ነበር ማለት አይደለም፤ ቶርን ከኋላ ሆኖ ምክንያት አገኘለት። መጽሐፉ በብዙ ቦታ የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ እኔን ደስ የሚለኝም ይኸው ነው።

ብላክ ሆሉ የምር እንደዚያ ነው የሚታየው?

አንድ ሰፌድ ውሰዱና መሐሉ ላይ ጥቁር ኳስ አስቀምጡ። ሰፌዱን ዓይናችሁ ትክክል ያዙት። ከፊት ያለው ጠርዝ እንደ ቀጭን መስመር ይታያችኋል፤ ከኳሱ ኋላ ያለውን ግን ኳሱ ይከልለዋል። ብላክ ሆል ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ሰፌዱ የጋለ ጋዝ ነው፣ ያበራል። ከኋላው የሚነሣው ብርሃን በቀጥታ ወደ እናንተ ሊመጣ ባይችልም፣ ወደ ላይ የወጣው በስበቱ ታጥፎ በኳሱ አናት ላይ ዞሮ ዓይናችሁ ይደርሳል፤ ወደ ታች የወረደውም በሥር በኩል እንዲሁ። ስለዚህ የሰፌዱ ኋላ ከኳሱ በላይ እንደ ቀስት ቆሞ፣ የታችኛው ገጹ ደግሞ ከኳሱ በታች ታጥፎ ታያላችሁ። ያ በፖስተሩ ላይ ያለው ዝነኛ ቀለበት ሁለተኛ ቀለበት አይደለም፤ ያው ሰፌድ ነው።

ይህን ምስል ያወጣው ደብል ኔጋቲቭ የተባለው የለንደን ድርጅት ነው። ቶርን የብርሃን ጨረሮች የሚሄዱበትን ቀመር አዘጋጅቶ ሰጠ፣ ኦሊቨር ጄምስና ባልደረቦቹ ወደ ኮምፒውተር ፕሮግራም ለወጡት። አንዱ የአይማክስ (የግዙፍ ስክሪን ፊልም) ምስል 23 ሚሊዮን ፒክስል አለው፤ አንዳንዱን ብቻ ለማውጣት እስከ 100 ሰዓት ይፈጅ ነበር፤ የተከማቸው መረጃ 800 ቴራባይት ያህል ደረሰ። ሥራው በ2015 በምስል ቅንብር ኦስካር አገኘ። እኔን የሚገርመኝ ግን ይህ አይደለም፤ እነዚሁ የፊልም ባለሙያዎች ከቶርን ጋር ሆነው በዚያው ዓመት ውጤቱን በሳይንስ ጆርናል አሳተሙት።

አሁን ወደ ቅሬታው። ምስሉ እውነት ነው፣ ግን ተቀንሶለታል። ጋዙ በከፍተኛ ፍጥነት ስለሚዞር ወደ እኛ የሚመጣው ጎን በጣም መድመቅ፣ የሚሸሸው ጎን መፍዘዝ ነበረበት፤ ቀለሙም መለየት ነበረበት። ኖላን ተመልካች ግራ ይጋባል ብሎ ይህን አስወጣው። ሽክርክሪቱም ለምስሉ ሲባል ከከፍተኛው 60 በመቶ ገደማ ብቻ ተደረገ፤ አለበለዚያ የመሐሉ ጥቁር ጥላ አንድ ጎን ተጨፍልቆ ይታይ ነበር። ማለት ለሰዓቱ አንድ ጋርጋንቹዋ፣ ለዓይን ሌላ ጋርጋንቹዋ ነው ያላቸው። ቶርን ይህን አልደበቀም፤ ያልተቀነሰውንም ምስል መጽሐፉ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጦታል። ከፖስተሩ ያነሰ ያምራል፤ እኔ ግን እሱን እመርጣለሁ።

ለፍትሕ ያህል፣ በዚህ መንገድ የመጀመሪያው እሱ አይደለም። ፈረንሳዊው ዣን-ፒየር ሉሚኔ በ1979 በካርድ በሚሠራ ኮምፒውተር አስልቶ፣ ነጥቦቹን በቀለም በእጁ እየነጠበ የብላክ ሆልን መልክ ሥሏል። የእሱ ሥዕል አንድ ጎኑ ደማቅ፣ አንድ ጎኑ ደብዛዛ ነው። ሚያዝያ 2011 በእኛ አቆጣጠር፣ የኤም87 ጋላክሲ ብላክ ሆል ፎቶግራፍ ለዓለም ሲለቀቅም የቀለበቱ አንድ ወገን ከሌላው ይደምቅ ነበር።

መጽሐፉ የፊልሙን ስሕተት ያምናል?

ያምናል፤ ለዚህም ነው የማምነው። ቀድሞ የተላከው ጠፈርተኛ፣ ዶክተር ማን የሚባለው፣ በነበረበት ፕላኔት ላይ ያሉት በሰማይ የተንሳፈፉ የበረዶ ደመናዎች ሊቆሙ አይችሉም፤ በረዶ የራሱን ክብደት ያን ያህል አይሸከምም፣ ተሰብሮ ይወድቃል። ቶርን ይህን በግልጽ ሕጉ የተጣሰበት ቦታ ይለዋል።

ሌላው የኒውትሮን ኮከቡ፣ ማለትም እጅግ የታመቀው የሞተ ኮከብ፣ ነው። ተጓዦቹ መንኮራኩራቸውን ለማብረድ በኒውትሮን ኮከብ ዙሪያ እንታጠፋለን ይላሉ። በቶርን ስሌት ግን ፍጥነታቸው ከብርሃን ፍጥነት ሲሶ ያህል ስለሆነ የሚያስፈልጋቸው ሌላ፣ መካከለኛ መጠን ያለው ብላክ ሆል ነው። ኖላን በአንድ ፊልም ውስጥ ሁለት ብላክ ሆል ካለ ሰው ይደነጋገራል ብሎ ኒውትሮን ኮከብ አደረገው። ምክንያቱ ይገባኛል፤ ቢሆንም ተመልካች ከሚታሰበው በላይ ይችላል ባይ ነኝ።

በፊልሙ የምድርን ሰብል የሚፈጀው በሽታስ ሊሆን ይችላል?

ቶርን ይህ ሙያው ስላልሆነ የካልቴክን የባዮሎጂ ሰዎች እራት ጋብዞ አከራከራቸው። መልሳቸው በአጭሩ፦ አንድ በሽታ ሰብሉን ሁሉ ተራ በተራ መፍጀቱ እጅግ የራቀ ነገር ነው፣ ግን አይቻልም ብሎ ማንም በድፍረት አልተናገረም። በ2010 ቢጫ ዋግ ስንዴያቸውን የበላባቸው የአርሲና የባሌ ገበሬዎች የፊልሙን መክፈቻ ቢያዩ ብዙም እንግዳ የሚሆንባቸው አይመስለኝም። ቢጫ ዋግ ግን ከስንዴ ወደ ባቄላ አይሻገርም፤ የባዮሎጂ ሰዎቹ ጥርጣሬም እዚሁ ላይ ነበር።

መጨረሻው ላይ ዋናው ገጸ ባሕርይ ኩፐር ብላክ ሆል ውስጥ ገብቶ መትረፉ ትልቅ ውሸት አይደለም?

ከዚህ በኋላ ያለው የተረጋገጠ ሳይሆን የግምትና የመላምት ሰፈር መሆኑን እያስታወስን እንሂድ። ድሮ ብላክ ሆል ውስጥ ያለው ሲንጉላሪቲ (ስበቱ ልክ የሚያጣበት ቦታ) አንድ ነው፣ የደረሰውንም ፈጭቶ ይጨርሰዋል ይባል ነበር። ቶርን በመጽሐፉ ሦስት ዓይነት ይዘረዝራል። አንደኛው ያ ጨካኙ ነው። ሁለተኛው ከኩፐር በኋላ ከሚገባው ነገር ሁሉ ተደራርቦ ከላይ የሚወርድበት ነው። ሦስተኛው ከእሱ ቀድሞ ከገባው ተበትኖ ወደ ላይ የሚመጣ ነው። የኋለኞቹ ሁለቱ በድንገት ቢመቱም ሳይፈጩ ሊያሳልፉ ይችላሉ የሚል ስሌት አለ። ሦስተኛው ሐሳብ በ2012 የወጣ ስለነበር ለፊልሙ ትኩስ ነበር ማለት ነው። ኩፐር የገባው በእሱ በኩል ነው።

ኩፐር የልጁን መኝታ ቤት የሚያይበት፣ ከመጽሐፍ መደርደሪያ ጀርባ ያለው ክፍል፣ ቴሴራክቱ፣ ከዚያም ይርቃል። ቶርን እንደ ሳይንስ አያቀርበውም። ሥዕሎቹ ግን ከመጽሐፉ ምርጥ የሚባሉ ናቸው፦ ነጥብ ሲጎተት መስመር፣ መስመር ሲጎተት ካሬ፣ ካሬ ሲጎተት ኪዩብ፣ ኪዩብ ደግሞ ወደማናየው አቅጣጫ ሲጎተት ቴሴራክት። ለአሥራ ሁለት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ያን ገጽ አሳይቻት «ቀጣዩስ?» አለችኝ። እኔ ስንት ዓመት ፈርቼው የኖርኩትን እሷ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ ነው ያየችው።

በአማርኛ ስናወራ ምን እንበለው? ጥቁር ጉድጓድ ወይስ ብላክ ሆል?

ሁለቱም ይገባል፤ እኔ ስጽፍ ብላክ ሆል እላለሁ። «ጉድጓድ» ሲባል አፍ ያለው፣ ገደል የመሰለ ነገር በሐሳብ ይመጣል፤ ብላክ ሆል ግን ከየትም በኩል ብትመጡ ሉል ነው። ዎርምሆልም እንዲሁ፦ በፊልሙ ከሳተርን አጠገብ ያለው ክብ ኳስ እንጂ የቱቦ አፍ አይደለም። ስሙን በ1957 ያወጣው የቶርን መምህር ዊለር ነው፤ ፖም ላይ ያለች ትል ዙሪያውን ከመዞር በመሐል በስታ ብትሻገር መንገዷ ያጥራል ከሚለው ምሳሌ ነው። «የትል ቀዳዳ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ግን ሰው ሁሉ ስለ ጎመን የምታወሩ ነው የሚመስለው።

እናቴ ግን ስለ ጥቁር ጉድጓድ ስነግራት ወዲያው «ጥልቀቱ ስንት ነው?» አለችኝ። ሣቅሁ። በኋላ መጽሐፉ ውስጥ ሕዋ እንደ አንሶላ ተወጥሮ፣ ብላክ ሆሉ ጋ ሲደርስ ወደ ታች ሲሰምጥ የሚያሳየውን ንድፍ አየሁ፤ በፍጥነት ለሚሽከረከረው ጋርጋንቹዋ ደግሞ ስምጠቱ እንደ ጉሮሮ ረዝሞ ይወርዳል፣ ሽክርክሪቱ በጨመረ ቁጥርም ይረዝማል። ጥያቄዋ ትክክል ነበር። ይቅርታ ጠይቄያታለሁ።

በስልክ ላንብበው ወይስ ወረቀቱን ልግዛ?

ከተቻለ ወረቀቱን። ንድፎቹ በትንሽ ስክሪን ላይ ተጨፍልቀው ጽሑፋቸው አይነበብም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁ ከሽቶ ይልቅ ይህን ላኩልኝ በሉት፤ ኪሎውም ከጫማ አይበልጥም። ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ግን ስለ ብርሃንና ቀለም የሚያወራ መጽሐፍ ላይ ግማሹን ይበላዋል።

መጽሐፉ ከ2014 ወዲህ አርጅቷል?

ዋናው ነገር አላረጀም፤ የተጨመረ አለ። የመጀመሪያው የብላክ ሆል ፎቶ አልነበረም፤ አሁን የሁለት አለን። ከሁሉ የሚያስቆጨው ግን የላይጎ ነገር ነው። ላይጎ ቶርን ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነበት፣ የስበት ሞገድን የሚጠብቅ መሣሪያ ነው። በጆናታን ኖላን የመጀመሪያ ጽሑፍ ላይ የፊልሙ ሳይንቲስት ፕሮፌሰር ብራንድ ዎርምሆሉን የሚያገኘው በላይጎ በተያዘ የስበት ሞገድ ነበር። ክሪስቶፈር ሲረከብ ፊልሙ በሳይንስ በዝቷል ብሎ ክፍሉን አወጣው። ቶርን በመጽሐፉ የወጣውን ክፍል ጨምሮ ተርኮታል።

ፊልሙ በአሜሪካ በሰፊው የታየው በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 28 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። መስከረም 3 ቀን 2008፣ እኛ ዘመን ለውጠን በሦስተኛው ቀን፣ ላይጎ 29 እና 36 ፀሐይ የሚመዝኑ ሁለት ብላክ ሆሎች ከ1.3 ቢሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ሲጋጩ የፈጠሩትን ሞገድ ያዘ። ከፊልሙ የተቆረጠው ትዕይንት አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በእውኑ ዓለም ተፈጸመ።